ናሙናው ውጪ፣ ዕቃው መጋዘን

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ካቆምኩ ቆየሁ። ድሮ «የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ» እል ነበር። ሰዉ ወዲያው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «እስቲ ይቺን ዋይፋይ እያት፣ ሰሞኑን ትቆራረጥብኛለች» ይለኛል። «የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮችን ነው የምይዘው» ስል ደግሞ «እንግዲያው ፕሪንተር ትጠግናለህ» ይሉኛል። አሁን «መርካቶ ነው የምሠራው» ብቻ ብዬ አልፋለሁ። ነጋዴ እመስላቸውና ወንበር ይለቁልኛል።

ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ከሶማሌ ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ተማሪዎች ኮምፒውተር ሲከፍቱ ዴስክቶፑ ላይ ተደርድረው የሚጠብቋቸውን ትንንሽ ሥዕሎች አስተዳድራለሁ። ሾርትከት የሚባሉትን። ትልልቅ ሰዎች አገር ያስተዳድራሉ፣ እኔ ሾርትከት አስተዳድራለሁ። ከእኔ የተሻለ እንቅልፍ የሚያገኙ ይመስለኛል።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ፕሮግራሞቹ ሁሉ ያሉት ሰርቨር በሚባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እሱም ከኮምፒውተር ክፍሉ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል። ተማሪው ፊት ላይ የሚታየው ሾርትከት ወደዚያ የሚወስድ ምልክት ብቻ ነው። እኔ አንዴ ሰርቨሩ ላይ ካዘዝኩ በሁሉም ተማሪ ዴስክቶፕ ላይ ይወጣል። እኔም በዚህ ሥራ በሰላም ጡረታ የምወጣ መስሎኝ ነበር። ሰላሜ ያበቃው መምህራኑ ይህን ነገር የሰሙ ዕለት ነው።

እዚህ ሰፈር ያደገ ሰው በቦታ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ሱቅ ማለት ግንባር ላይ ያለው ነው፤ ወደ ውስጥ ገባ ያለውን ባለቤቱ ራሱ አድራሻውን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከመምህራኖቻችን ብዙዎቹ የነጋዴ ልጆች ናቸው፣ የቀሩትም ነጋዴ አግብተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ባንኮኒ ጀርባ የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች ነው «ዴስክቶፕ ላይ ለየትምህርቱ አንድ አንድ ቦታ አለ» ብዬ በስብሰባ ላይ የተናገርኩት።

መጀመሪያ የመጣው የሒሳብ መምህሩ ይመር ነው። ገና ቁጭ ሳይል ጀመረኝ።

«ስማ ወንድሜ፣ ሒሳብን ታች ነው የጣልከው አሉ።»

«እኔ አልጣልኩትም። ኮምፒውተሩ ፕሮግራሞቹ በገቡበት ተራ ነው የደረደረው።»

«ኮምፒውተሩ ማነው? አንተ አይደለህ እንዴ? ግራ ጥግ፣ ከላይ አድርገው። ሰው ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ነው።»

ትንሽ ነገር ናት ብዬ አደረግኩለት። እሱ ከበሩ ሳይወጣ የባዮሎጂዋ መምህርት ሰናይት ደረሰች። ወሬው እንዴት እንደደረሳት ዛሬም አልገባኝም።

«ኮርነሩን ለይመር ሰጠኸው?»

«ኮርነር አይደለም እኮ ሰናይት፣ ስክሪን ነው።»

«ስክሪን ኮርነር የለውም? እሺ፣ ኮርነሩን ይያዘው። ለእኔ ግን ስሙን ቀይርልኝ። ባዮሎጂ ብቻ ተብሎ ማን ይገባበታል? አዲሱ ባዮሎጂ በልልኝ።»

«አዲሱ ባዮሎጂ» አልኩላት። በማግስቱ ይመር የእሱን «ዋናው ሒሳብ» አስባለ። ሰናይት ይህን አይታ «ትክክለኛው አዲሱ ባዮሎጂ» አለች። ከዚያ ኬሚስትሪ ተነሳ፣ ታሪክ ተነሳ፣ ስፖርት ሳይቀር ተነሳ። የስፖርት ፕሮግራም እኮ የለንም! «ኳስ የምትመስል ነገር ብቻ አስቀምጥልኝ፣ ባትከፈትም ግድ የለም፣ ባዶ እንዳይሆንብኝ ነው» ብሎ መምህሩ ለመነኝ። ሰው እንዲህ ሲለምን እምቢ ማለት አልችልም። አስቀመጥኩለት። ቀጣዩን ሳምንት ሙሉ ተማሪዎች ኳሷ አልከፈት አለችን እያሉ ደጄን ሲጠኑ ከረሙ።

በዚህ ላይ የኔ ብልህነት ተጨመረበት። ለሰርቨሩ ትዕዛዝ ስጽፍ «አሮጌውን አንስተህ አዲሱን ተካ» ማለት ሲገባኝ «አዲሱን ጨምር» ብዬው ኖሯል። ስለዚህ ስም በተቀየረ ቁጥር አዲሱ ይመጣል፣ አሮጌውም የትም አይሄድም። ባዮሎጂ፣ ከጎኑ አዲሱ ባዮሎጂ፣ ከጎኑ ትክክለኛው አዲሱ ባዮሎጂ። ተማሪዎቹ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ሲያቅታቸው ሁሉንም ስክሪኑ ላይ ወዳለው የቆሻሻ ቅርጫት ይጎትቷቸዋል። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲከፈት ሁሉም ይመለሳሉ። መልሰው የሚያመጧቸው እኔ ያሰለጠንኳቸው ትዕዛዞች ናቸው፤ ትጉህነታቸው ያናድዳል።

ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ፀሐይ አንድ ቀን ቢሮ አስጠሩኝ። የሁሉም ዴስክቶፕ ጀርባ ላይ የትምህርት ቤቱ መሥራች የነበሩት አዛውንት ፎቶግራፍ እንዲሆን ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ሰውዬውን ምን አደረግኻቸው?» አሉኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ግራ ዓይናቸው ላይ ባዮሎጂ አለ። አፍንጫቸው ላይ ባዮሎጂ አለ። አፋቸው ላይ ደግሞ ካልኩሌተር ለጥፈህባቸዋል። እኚህ ሰው ይህን ትምህርት ቤት የሠሩት እንዲህ ሊደረጉ ነው?»

አንዱን እንኳ ላንሳ ብል ባለቤቱ ይጮኻል። ልተወው ብል ሟቹ ይታዘቡኛል። እንዲህ እየተንገበገብኩ ሳለ ነው ወይዘሮ ፀሐይ ዋናውን ጉዳይ የነገሩኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ስለሚሰጥ ዓርብ ጠዋት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ኮምፒውተሮቻችን ብቁ ናቸው ከተባለ ልጆቻችን እዚሁ ይፈተናሉ። ካልተባለ ከከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለ የፈተና ጣቢያ ይመደባሉ።

ይህ ወሬ ከቢሮው ቀድሞኝ ወጥቶ ኖሮ፣ ነኢማ የምትባል ተማሪ በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ። አባቷ ከወሎ መጥተው ጭድ ተራ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ሐኪም እሆናለሁ ስትል የሚስቅባት የለም።

«ቲቸር፣ እዚያ ማዶ ከተመደብን እኮ ጎህ ሳይቀድ ነው የምወጣው» አለችኝ። «አባዬ በጨለማ ታክሲ አትጠብቂም ብሏል። እንዳያደርሰኝ ሱቁን ማን ይከፍታል? ዘንድሮ ቢያልፍሽ ሌላ ዓመት ትፈተኛለሽ ነው የሚለው። ሌላ ዓመት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፣ እኔ አውቀዋለሁ።»

«እዚሁ ትፈተኛላችሁ፣ አታስቢ» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። የባዮሎጂ ሾርትከት ማንሳት ያቃተኝ ሰው የአንዲትን ልጅ ዓመት በእጄ ያዝኩ ማለት ነው።

አሁን ጋሼ ሸምሱን ላስተዋውቃችሁ። የንብረት ክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን በብርድ ልብስ ጅምላ ንግድ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ሱቁን ለልጆቻቸው ሲለቁ ቤት መቀመጥ አሳመማቸውና እኛ ጋ ተቀጠሩ። የግቢው ቁልፍ ሁሉ ወገባቸው ላይ ነው። እየመጡ እንደሆነ ከመታየታቸው በፊት ይሰማል። ዓርብ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ኮምፒውተር ክፍል ገብተው እኔን ከስክሪን ጋር ስጨቃጨቅ አገኙኝ።

«እኔ የምልህ፣ እነዚህ መምህራን የሚጣሉበት ነገር ምኑ ነው? ዕቃው ይሄ ነው?» አሉ ሥዕሎቹን እያሳዩኝ።

ስለ ሰርቨርና ስለ ኔትወርክ ልጀምርላቸው ብዬ ተውኩት። በሚያውቁት ላስረዳቸው አልኩ። አወይ እኔ!

«ዕቃው እዚህ አይደለም ጋሼ። ይሄ ናሙናው ነው። እርስዎ ሱቅ በር ላይ አንድ ብርድ ልብስ ይሰቅሉ የለ? ገዢው እሱን አይቶ ይህን ስጠኝ ሲልዎት ከመጋዘን ያስወጡለታል። ይህም እንደዚያው ነው። ዕቃው ሁሉ ያለው ያቺ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የፈተናውም ዕቃ እዚያው ነው የሚቀመጠው።»

ጋሼ ሸምሱ ፊታቸው በራ። «አሁን ገባኝ! ታዲያ እንዲህ ብሎ መንገር ምን ያስቸግራል? ሌላው ሰው እኮ ኬብል ምናምን እያለ ያደናግረኛል። ናሙናው ውጪ፣ ዕቃው መጋዘን። በቃ!»

በራሴ ኮራሁ። ለወይዘሮ ፀሐይ ሳይቀር «ጋሼ ሸምሱ እንኳ በአንድ ቃል ገባቸው» ብዬ አወራሁ። ምነው ያን ቀን አፌን በያዝኩት ኖሮ!

ዓርብ ደረሰ። ጠዋት ሁሉም ነገር እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። «ፈተና» የሚለውን ሾርትከት ከመሥራቹ ከረባት አጠገብ ባገኘኋት ክፍት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ሌላ ቦታ የቀረ የለም። ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን ተኩሰው ተቀምጠዋል፣ ወይዘሮ ፀሐይ ለሠርግ የምትለበስ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ጋሼ ሸምሱ አዲስ ኮፍያ አድርገው ከእኛ ጋር በሩ ላይ ቆመዋል። ጠበቅን። ገምጋሚ የሚባል የለም። ስልክ ስንደውል «መንገድ ላይ ነን» ይሉናል። የአዲስ አበባ ሰው መንገድ ላይ ነኝ ካለ ካልሲውን እየፈለገ ነው። እኩለ ቀን ሲቃረብ ልጆቹን ለምሳ ለቀቅናቸው፣ እኔም አንድ ሳንቡሳ ልቅመስ ብዬ ወጣሁ።

ገምጋሚዎቹ የመጡት ልክ ያኔ ነው። አንድ ፈገግታ የሚባል ነገር የማያውቁ ቀጭን ሰውዬና ታብሌት የያዘች ባልደረባቸው። እየሮጥኩ ስደርስ ሰውዬው «አንድ ተማሪ ጥሩልኝና ይክፈት» ይላሉ። ነኢማ ቀድማ ተመልሳ ስለነበር እሷ ቁጭ አለች። ስክሪኑ በራ። እኔም ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ባዮሎጂ፣ ያ ሁሉ ሒሳብ፣ ኳሷ ሳትቀር ቀለማቸው ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። ነኢማ «ፈተና» የሚለውን ነካች። የፈለጉት ነገር አልተገኘም የሚል ጽሑፍ መጣ። ደግማ ነካችው፣ ደግሞ መጣ። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እንኳን ለእኔ ለጠላቴም አልመኘውም።

ወደ ሰርቨር ክፍሉ በረርኩ። በሩ ተቆልፏል። የወትሮው ቁልፍ ብቻ አይደለም፣ ከብርድ ልብስ መጋዘን የመጣ አንድ ግዙፍ ጓጉንቸር ተጨምሮበታል። ዘበኛው ወንበር ስቦ በሩ ፊት ተቀምጧል።

«ጋሼ ሸምሱ የት ሄዱ?»

«ጁምዓ። እስኪመለሱ ማንም በሩን እንዳይጠጋ ብለውኛል።»

«እኔን አይጨምርም እኮ።»

«አንተንማ በስም ነው የጠሩህ። ይህ ልጅ እሺ ባይ ነው፣ ሰው ከለመነው ይከፍታል ብለዋል።»

ስልካቸው ላይ ብደውል ዝግ ነው። ጓጉንቸሩን እንስበር ብል ዘበኛው ዱላውን ጨበጠ። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ወደ መስጊዱ ሮጥኩ።

በዓርብ እኩለ ቀን በመርካቶ መሮጥ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ግማሹ ሱቅ በሩን በሸራ ጋርዶ ለሶላት ሄዷል፣ ግማሹ ደግሞ እሱ እስኪመለስ ልሽጥ ብሎ ዕቃውን መንገድ ላይ ዘርግቷል። ከፊት ጋሪ፣ ከኋላ ፍራሽ የተሸከመ ሰው «ዞር በል!» ይለኛል። ወዴት እንደምዞር ግን አይነግረኝም። አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ክምር ገፍቼ ናድኩ። ይቅርታ እየጠየቅኩ ሌላ ናድኩ። መስጊዱ አካባቢ ስደርስ መንገዱ በሙሉ በሰጋጅ ተሞልቷል፤ ምንጣፍ አስፋልቱ ላይ ተነጥፎ ሰዉ ሁሉ አጎንብሷል። ጋሼ ሸምሱን ደግሞ እኔ የማውቃቸው በፊታቸው እንጂ በጀርባቸው አይደለም።

ዳር ላይ ቆሜ ስቁለጨለጭ አንድ ሽማግሌ ጥላ ሻጭ «ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ።

«ሰው።»

«ታገስ፣ ሲያልቅ ሁሉም ፊቱን ያዞርልሃል።»

ወይዘሮ ፀሐይ ደወሉ። «የት ደረስክ? ሰዎቹን ሻይ አጠጣሁ፣ ቤተ መጻሕፍት አሳየሁ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አስጎበኘሁ። አሁን የቀረኝ መዝፈን ብቻ ነው!»

ሶላቱ አለቀ፣ ሰዉም ተነሳ። ጋሼ ሸምሱን ጫማቸውን ሲያጠልቁ አገኘኋቸው። በጣም ረጋ ብለዋል።

«አንተም እዚህ አለህ? ሰዎቹ መጡ?»

«መጡ እንጂ! ጋሼ፣ ቁልፉን! ምንም አልከፈትላቸው አለ!»

«እንዴት ይከፈትላቸዋል? መጋዘኑን እኮ ቆልፌዋለሁ። የዚያችን ክፍል መብራትም አውርጄዋለሁ። አንዲት ሣጥን እዪዪ እያለች ስትጮኽብኝ እሷንም አጠፋኋት። መጀመሪያ ናሙናውን ይዩት እንጂ።» ሣጥኗ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን የምታቆየው ባትሪ ነበረች።

«ጋሼ፣ መጋዘኑ ከተዘጋ እኮ ናሙናውም አይሠራም!»

ቀጥ ብለው ቆሙ። «እንዲህ አላልከኝም» አሉ።

እውነትም አላልኳቸውም።

«የማላውቀው ሰው ሱቄ ገብቶ ናሙና ሲያገላብጥ፣ እኔ መጋዘኔን ክፍት ትቼ ልሰግድ ልሂድ? በዚያ ላይ የልጆቹ ፈተና እዚያ ነው ያልከኝ አንተው ነህ። የት አገር ነው ያደግኸው?»

አሁን እንሩጥ አልኩ። ጋሼ ሸምሱ ግን የመርካቶ ሰው ናቸው፣ ዕለቱም ዓርብ ነው። በየአሥር እርምጃው አንድ ወዳጅ ያጋጥማቸዋል፤ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ከአገር ቤት የመጡት እንግዶች ሳይቀሩ በየስማቸው ይጠየቃሉ። «ጋሼ!» እላለሁ። «ሰላምታ ነው ልጄ፣ ሰላምታ ይቆረጣል?» ይሉኛል። ክርናቸውን ይዤ እየጎተትኩ፣ እሳቸው በትከሻዬ ላይ ሰላምታ እየወረወሩ ግቢ ደረስን። ዓይኖቼ እንባ አቅርረው ነበር። ከአቧራው ነው ልላችሁ አልፈልግም።

ገምጋሚው ሰውዬ በሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ቆመው ጓጉንቸሩን እያዩ አገኘናቸው። ወይዘሮ ፀሐይ ከጎናቸው ላብ አጥምቋቸዋል።

«ይህን የቆለፈው ማነው?» አሉ ሰውዬው።

ጋሼ ሸምሱ ወደ ፊት ወጡ። «እኔ ነኝ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው። የልጆቹ ፈተና እዚህ ይቀመጣል ተብያለሁ። እኔ በሌለሁበት ዳይሬክተሯም አይገቡ፣ ይህ ልጅም አይገባ። እርስዎም አይገቡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወይዘሮ ፀሐይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ በልቤ ማመልከቻዬን መጻፍ ጀመርኩ። ሰውዬው ጓጉንቸሩን በእጃቸው መዘን አደረጉና ወደ ባልደረባቸው ዞሩ።

«ጻፊ። የሰርቨር ክፍል ጥበቃ፣ በጣም ጥሩ።» ከዚያ ወደ እኛ መለስ ብለው «እስካሁን ባየናቸው ቦታዎች ይሄ ክፍል የመወልወያና የባልዲ ማስቀመጫ ነው» አሉ። ፈገግ ያሉም መሰለኝ፣ አልምልም።

በሩ ተከፈተ፣ መብራቱ መጣ፣ ሰርቨሩም እያቃሰተ ተነሳ። ሾርትከቶቹ አንድ በአንድ ቀለማቸውን ለበሱ። ነኢማ «ፈተና» የሚለውን ነካች። ተከፈተ። ከጎኗ ያለውም ተከፈተ፣ ከኋላዋ ያለውም።

«ጥሩ» አሉ ሰውዬው፤ ወዲያው ግን ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። «ይሄ ሁሉ ምንድነው? ከጀርባው ያለው ሰው ነው?»

«መሥራቻችን ናቸው» አሉ ወይዘሮ ፀሐይ በጨነቀው ድምፅ።

«ጻፊ። ከፈተናው ሾርትከት በስተቀር ሁሉም ይነሳ። ከእንግዲህም ንብረት ክፍል ኃላፊው ሳይፈቅዱ ዴስክቶፕ ላይ ምንም እንዳይጨመር። ይህ ከተሟላ ጣቢያው ጸድቋል።»

ሰማችሁ? የተማርኩበት፣ ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ የሰቀልኩበት ሥራ ለብርድ ልብስ ነጋዴ ተላለፈ! አሁን መምህራኑ ወደ እኔ አይመጡም። ሰናይት «ትክክለኛው አዲሱ ባዮሎጂ» እንዲመለስላት ጋሼ ሸምሱ ጋ ሄዳ ነበር። «ቦታ የለም» ብለዋት ተመለሰች፣ አልተከራከረችም። እኔን ያን ያህል ሳምንት ቁም ስቅሌን ያሳየችኝ ሴትዮ! ይመርም ያው መልስ ደርሶት ወደ ክፍሉ ሄደ።

ገምጋሚዎቹ እንደወጡ ነኢማ ስልኬን እንድሰጣት ጠየቀችኝ፤ ተማሪ ስልክ ይዞ አይገባም። ሰጠኋት። በረንዳው ላይ ሆና አባቷ ጋ ደወለች።

«አባዬ! እዚሁ ነው የምንፈተነው! አዎ፣ እዚሁ ትምህርት ቤታችን!»

ከወዲያ በኩል የጭድ ተራ ጫጫታ ይሰማል። አባቷ ጮክ ብለው «ማን አስፈቀደላችሁ?» አሉ።

ነኢማ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ኮሌታዬን አስተካከልኩ።

«ጋሼ ሸምሱ!» አለች።

«ሸምሱ? የብርድ ልብሱ ሸምሱ? አልሐምዱሊላህ! እሱ ካለበትማ ምን አስጨነቀኝ! በይ አጥኚ፣ ሱቅ እንዳትመጪ፣ ቀጥ ብለሽ ቤት ግቢና አጥኚ!»

ስልኩን በሁለት እጇ መለሰችልኝ። ፊቷ እንዲያ ሲያበራ እያየሁ ማረም አልቻልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ተናድጄም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለመለየት ጊዜም አልሰጠችኝም።

«ቲቸር፣ አባዬ ለጋሼ ሸምሱ ምስጋናዬን አድርሱልኝ ብሏል።»

«እሺ፣ አደርሳለሁ» አልኳት።

እስካሁን አላደረስኩም።